የት ፈልጎ አጣው?

ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ በርቷል፤ እናት ጓዳ ገብተው ሽንኩርት ያቁላላሉ። ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ በኢንተርኔት የምትከታተለውን የዳታ ትንተና ትምህርት ሁለተኛ ክፍል ጀምራለች። ቪዲዮው ውስጥ ያለው አስተማሪ ፓንዳስ የሚባለውን የዳታ መሣሪያ ለመጫን “ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ” ብሎ ጽፎ ኢንተርን ተጫነ፤ መስመሮች ተግተልትለው ወረዱለት። እሷም ፊደል በፊደል ተከትላ ጻፈች። ጥቁሩ መስኮት የመለሰላት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ “ፒፕ” የውስጥም የውጭም ትዕዛዝ፣ የሚሠራ ፕሮግራምም ሆነ ባች ፋይል ተብሎ አልታወቀም።

“ጭኜዋለሁ እኮ!” አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ከሰዓት በኋላም ይኸው መልእክት መጥቶባት፣ ፒፕ አብሮት የሚመጣውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ አጥፍታ እንደገና አውርዳዋለች። ጫኚው 25 ሜጋባይት ገደማ ነው። ብዙ አይመስልም፤ በሞባይል ጥቅል ለሚማር ሰው ግን ደጋግመው ሲያወርዱት የሚሰማ ወጪ ነው። ከወጪው በላይ የከበዳት ግን ሌላ ነገር መሆኑን ፊቷ ይናገራል። ክፍል አንድን ያለችግር ጨርሳለች፤ ፈተናውንም አልፋለች። አሁን ትምህርቱ ገና ሳይጀመር በሩ ላይ ቆማለች።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የአክስቷ ልጅ የሰርቨር ባለሙያ ነው። እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ደወለችለት።

“ጋሼ፣ ሥራ አስፈታሁህ?”

“ግድ የለም እቴ። ምን ሆንሽ?”

“ፓይተን ጭኜ ሳለ ፒፕን አላውቀውም አለኝ። ላጥፋውና ሌላ ቨርዥን ላውርድ?”

“ቆይ። ምንም አታውርጂ፣ ምንም አታጥፊ። መጀመሪያ የት የት እንደፈለገ እንጠይቀው።”

ይህን ጥያቄ ቀድመው የሚጠይቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው። መልእክቱን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ “ፕሮግራሙ ማሽኑ ላይ የለም” ብሎ ይረዳውና ድጋሚ ወደ መጫን ይሮጣል፤ ድጋሚ መጫኑ ካልሠራ ላፕቶፑን ይጠረጥራል፤ በመጨረሻም ራሱን። ኮምፒውተሩ ያለው ግን እንደዚያ አይደለም። ያለው “ፈልግ በተባልኩባቸው ቦታዎች ፈልጌ በዚህ ስም የሚጠራ ነገር አላገኘሁም” ነው። ፕሮግራሙ በትክክል ተጭኖ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ እምነት አንድ ሰው ስለ ትዕዛዝ መስመር ከሚማራቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ልዩነት መቅደም አለበት።

ኮምፒውተሩ እንዴት ነው የሚፈልገው? ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለው ጥቁር መስኮት ጥቂት ትዕዛዞችን በሆዱ ይዟል። የፎልደር ይዘት የሚያሳየው ዲር፣ ከፎልደር ፎልደር የሚያሻግረው ሲዲ፣ ኮፒ፣ ኢኮ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው፤ የውስጥ ትዕዛዝ የሚባሉትም እነሱ ናቸው። ለእነሱ ፍለጋ አያስፈልግም። ከእነሱ ውጭ ያለው ሁሉ ግን ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው። ኔትወርክ የምንፈትሽበት ፒንግ እንኳ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሲስተም32 በሚባለው ክፍል የተቀመጠ አንድ ትንሽ ፋይል ነው። ስሙን ስንጽፍ መስኮቱ መጀመሪያ አሁን ያለንበትን ፎልደር ያያል፤ ከዚያ ፓዝ የሚባለውን የፎልደሮች ዝርዝር አውጥቶ አንድ በአንድ ይሄድበታል።

ሰፈር ውስጥ “ከበደን ጥራልኝ” ተብሎ የተላከ ልጅ እናስብ። የሚያንኳኳቸው ቤቶች ዝርዝር ተሰጥቶታል። በተራ ያንኳኳል፤ ከበደ የሚባል ሰው ባገኘበት የመጀመሪያው ቤት ያቆማል፤ የተፈለገው ያ ከበደ ይሁን ሌላ አይጠይቅም። ዝርዝሩ ካለቀ “የለም” ብሎ ይመለሳል። ከዝርዝሩ ውጭ ያለን ቤት፣ ከበደ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቡና ቢጠጣ እንኳ፣ ዞር ብሎ አያይም።

የዚህ አሠራር ዕድሜ ከአብዛኞቻችን ይበልጣል። የተጠቃሚውን ትዕዛዝ ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያስተላልፈው ፕሮግራም ሼል የሚለውን ስም ያገኘው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ኤምአይቲ ይሠራ ከነበረው ፈረንሳዊ ሉዊ ፑዛን ነው። ኬን ቶምፕሰን በ1971 ለዩኒክስ የጻፈው የመጀመሪያው ሼል የሚፈልግባቸው ቦታዎች በራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ የተወሰኑ ነበሩ። ተጠቃሚው ራሱ የሚያስተካክለው ዝርዝር ፓዝ በሚለው ስም የመጣው በ1979 ነው፤ ስቲቨን ቦርን ለሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም በጻፈው ሼል። እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ፓዝ ያኔ ተወለደ ማለት ይቻላል።

የቤት ኮምፒውተር ዘንድ የደረሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የማይክሮሶፍት ዶስ ፎልደር በፎልደር ውስጥ አያውቅም ነበር፤ ሁሉም ፋይል ፍሎፒው ላይ አንድ ላይ ይከማች ነበርና የሚጠፋበት ቦታ አልነበረውም። በመጋቢት 1983 አይቢኤም 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ፒሲ ኤክስቲ አወጣ፤ አብሮትም ዶስ 2.0 መጣ። ይህን ያህል ፋይል አንድ ቦታ መደርደር ስለማይቻል ፎልደሮች ተፈጠሩ፤ ፎልደሮች ሲፈጠሩ ደግሞ ፕሮግራሞች ተበታተኑ፤ ስለዚህ ፓዝም ተከተለ። ዩኒክስ በፎልደሮቹ መካከል የሚያስቀምጠው ሁለት ነጥብ ዶስ ላይ የድራይቭ ፊደል መለያ ሆኖ ተይዞ ነበር፤ በዚያ ምክንያት ዊንዶውስ እስከ ዛሬ ዝርዝሩን በሴሚኮሎን ይለያል። ወደ ኋላ ያጋደለው ሰረዝም እንዲሁ ነው፤ ወደ ፊት ያጋደለውን ዶስ 1.0 ለሌላ ጉዳይ ቀድሞ ወስዶት ነበር። ጀማሪ በአንድ ሰረዝ ተሳስቶ የሚያመሽበት ምክንያት ከ40 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ጀሞ፣ ልጅቷ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“አሁን ‘ዌር’ ብለሽ፣ ክፍተት፣ ‘ፓይተን’ ብለሽ ጻፊ። የት እንዳገኘው ይነግርሻል።”

አንድ መስመር ወጣ። ከእሷ ፎልደር ውስጥ ገብቶ፣ በአፕዳታ አልፎ፣ ዊንዶውስአፕስ በሚባል ፎልደር ያበቃል።

“ይኸው አለ እኮ!” አለች።

“እሱ ፓይተን አይደለም። ብቻውን ‘ፓይተን’ ብለሽ ጻፊና እዪው።”

ጻፈች። የማይክሮሶፍት ስቶር መስኮት ብቅ አለና ፓይተንን ከዚያ እንድትጭን ጋበዛት። ዓይኗን ከስክሪኑ ወደ ስልኩ መለሰች።

ይህ በ2019 የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የመጣ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት “ፓይተን” በሚል ስም መጠኑ ዜሮ ባይት የሆነ ፋይል አስቀመጠ፤ ሥራው ፓይተን የሌለውን ሰው ወደ ስቶሩ መምራት ነው። ሐሳቡ ቀና ነበር። ግን ፓይተንን ከሌላ ቦታ አውርዶ የጫነ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን ያላስገባ ሰው በስሙ ሲጠራው የሚመጣለት ይህ ዜሮ ባይት ፋይል ነው። ጽሑፉ ላይ ተጨማሪ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ቨርዥን ከጠየቀ፣ ስቶሩም አይከፈትም፤ ፓይተን አልተገኘም የሚል መልስ ብቻ ይመጣል። ለፒፕ ደግሞ እንዲህ ያለ ምትክ ስለሌለ መስኮቱ ቀጥታ “አልታወቀም” ይላል። እንዲህ እያለ አንድ ችግር በሦስት ዓይነት መልክ ይመጣል፤ ተማሪውም ሦስት የተለያየ ችግር ያለበት ይመስለዋል።

“ጫኚውን ስትከፍቺ ከታች በኩል ትንሽ ሳጥን ነበረች” አላት። “‘ወደ ፓዝ ጨምር’ የምትል። ነክተሻታል?”

“አላየኋትም። አስተማሪውም አልጠቀሳትም።”

“አይጠቅሷትም። ባዶ ሆና ነው የምትመጣው፤ ካልነካሻት ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።”

ከዚያ ዘዴውን ነገራት። ፓይተን ሲጫን “ፓይ” የሚባል አንድ ትንሽ አስጀማሪም አብሮ ይጫናል፤ እሱ ግን ሳጥኗ ብትነካም ባትነካም ሊገኝ በሚችል ቦታ ይቀመጣል። “ፓይ ብለሽ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤም፣ ክፍተት፣ ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ” አለ፤ እየተከተለች ጻፈች። መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ። እናት ከጓዳ “ተሳካ?” ሲሉ ተሰሙ።

ሳጥኗ ባዶ ሆና የምትመጣበት ምክንያት አለ። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ዓይነት ፓይተን ቢኖረው ስሙን ሲጠራ የትኛው ይምጣ የሚለው የሚወሰነው በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ነው፤ አዲስ የተጫነ ሁሉ ሳያስፈቅድ ፊት ከተሰለፈ የቆየ ሥራ ይበላሻል። ቅደም ተከተሉ ሲበላሽ ደግሞ ከ“አልታወቀም” ይልቅ አሳሳች ይሆናል፤ ፒፕ አንዱ ፓይተን ውስጥ ይጭናል፣ የምናስኬደው ሌላው ይሆናል፣ “ፓንዳስ የለም” ይላል፣ እኛ ደግሞ በዓይናችን ሲጫን አይተናል። ዌር ከአንድ በላይ መስመር ሲያወጣ የመጀመሪያውን መስመር ልብ ማለት ይገባል፤ የሚሠራው እሱ ነው። ፓወርሼል በሚባለው ሌላው የዊንዶውስ ትዕዛዝ መስኮት ላይ ግን “ዌር” ሌላ ሥራ አለው፤ እዚያ “ጌት ሰረዝ ኮማንድ” ማለት ወይም ዌርን ከነነጥቡና ከነ“ኢኤክስኢ”ው መጥራት ያስፈልጋል።

ዝርዝሩን በቋሚነት ማስተካከል ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ስታርት ላይ “ኢንቫይሮንመንት” ብሎ መፈለግና ለራስ አካውንት የሚለውን መክፈት ነው። ዊንዶውስ ሁለት ዝርዝር አለው፤ አንዱ የማሽኑ፣ አንዱ የተጠቃሚው፤ ሲያነባቸው የተጠቃሚውን ከማሽኑ ኋላ ይቀጥለዋል። ለቤት ሥራ የራስን መንካት ይበቃል፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድም አይጠይቅም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ዊንዶውስ 10 እያንዳንዱ ፎልደር በራሱ መስመር ይታያል። ከዚያ በፊት ሁሉም በአንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ በአንድ መስመር ይታጨቅ ነበር፤ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ነክቶ ሙሉውን የደመሰሰ ሰው ብዙ ነው።

አስተካክለን ስንመለስ ያው መልእክት ይጠብቀናል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲከፈት የዝርዝሩን ቅጂ ከከፈተው ፕሮግራም ይወርሳል፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ቢለወጥም በእጁ ያለው ቅጂ አይለወጥም። ክፍት የቆየው ጥቁር መስኮት አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ኮድ መጻፊያው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ውስጥ ያለውን ተርሚናል፣ ማለትም የትዕዛዝ መስኮት፣ ዘግተን ብንከፍተውም ለውጥ የለም፤ የሚወርሰው ከራሱ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ነውና። ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መክፈት ይበቃል። “ሪስታርት አድርገው” የሚለው ምክር የሚሠራውም ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚዘጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር በግልጽ ልቃወም። ፓዝን በአንድ መስመር ለመጨመር “ሴትኤክስ” የሚባለውን ትዕዛዝ ከነባሩ ዝርዝር ጋር አገናኝቶ መጻፍ በየቦታው የሚዘዋወር ዘዴ ነው። ሴትኤክስ ግን ከ1024 ፊደል በላይ የሆነውን ይቆርጣል። መቁረጡን በአንድ መስመር ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን ካስጠነቀቀ በኋላ ያስቀምጠዋል። በዚያ ላይ የማሽኑንና የተጠቃሚውን ዝርዝር ቀላቅሎ አንዱ ውስጥ ይገለብጣል። ብዙ ነገር የተጫነበት ኮምፒውተር ዝርዝሩ ከ1024 ፊደል በቀላሉ ያልፋል፤ ጭራው ላይ የነበሩት መሣሪያዎች በአንድ ምሽት ይጠፋሉ። የከፋው ደግሞ ሰው ሳጥኑን በእጁ ሲነካካ ሲስተም32 ሲወጣ ነው፤ ያኔ ፒንግና አይፒኮንፊግ ሳይቀሩ “አልታወቁም” ይሆናሉ፤ ሰውየውም ዊንዶውሱ ተበላሸ ብሎ ፎርማት ወደሚያደርግለት ቤት ይሄዳል። ፎርማት አያስፈልገውም፤ አንድ መስመር መመለስ ነው። ከጉዳቱ በፊት ተከፍቶ የቆየ ጥቁር መስኮት ካለ ደግሞ እንዳትዘጉት፤ አሮጌው ቅጂ አሁንም በእጁ ነው። እዚያ ላይ “ፓዝ” ብሎ ጽፎ የሚወጣውን ገልብጦ ማስቀመጥ ይቻላል። ከመነካካት በፊትም ይህንኑ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንዱ መሣሪያ ጫኚ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። አንድሮይድ ስልክን ከኮምፒውተር ለማዘዝ የሚያገለግለው ኤዲቢ በዚፕ ይመጣል፤ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ሰዎች የሚወዱት ኤፍኤፍኤምፔግም እንደዚሁ። የስልክ ጥገና የሚሞክሩ ወጣቶች ቤታቸው ዚፑን ዳውንሎድስ ውስጥ ይፈቱና “ኤዲቢ” ብለው ይጠራሉ፤ “አልታወቀም”። ማንም ለኮምፒውተሩ ቦታውን አልነገረውማ። ቀላሉ መንገድ የተፈታውን ፎልደር ከፍቶ፣ ከላይ አድራሻው በሚታይበት ሳጥን ላይ “ሲኤምዲ” ብሎ ኢንተር መጫን ነው፤ ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ውስጥ ቆሞ ይከፈታል፤ ኮማንድ ፕሮምፕት ያለበትን ፎልደር ስለሚያይም ኤዲቢ ይሠራል።

በዊንዶውስ 11 ፎልደሩ ላይ በቀኝ ተጭኖ ተርሚናል የከፈተ ሰው ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ፓወርሼል ዘንድ ነው። ፋይሉ ዓይኑ ሥር እያለ “አልታወቀም” ይባላል። ፓወርሼል ያለበትን ፎልደር ሆን ብሎ አያይም፤ ከስሙ በፊት ነጥብና ወደ ኋላ ያጋደለ ሰረዝ ካልጻፉለት። ይህ ግትርነት አይደለም። የ1979ኙ ዩኒክስ ያለበትን ፎልደር ከሁሉ አስቀድሞ ያይ ነበር፤ ብዙ ሰው በሚጋራው ማሽን ላይ አንዱ ተንኮለኛ ፋይል ለማየት በሚያገለግለው ትዕዛዝ ስም የራሱን ፕሮግራም ፎልደሩ ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ እዚያ ገብቶ ትዕዛዙን የጠራ ሰው ሁሉ የተንኮለኛውን ፕሮግራም በራሱ ሥልጣን ያስኬድለታል። ስለዚህ ዩኒክሶች ልማዱን ተዉት፤ ፓወርሼልም ተከተላቸው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አገር ይህ ጥንቃቄ ከማንም በላይ ለእኛ ነው። የዊንዶውሱ ፓወርሼል “ፋይሉ ያለህበት ፎልደር ውስጥ አለ፣ እንዲህ ብለህ ጥራው” የሚል ፍንጭም ከቀዩ ጽሑፍ በታች ይጽፋል። ቀይ ሲያዩ ማንበብ የሚያቆሙ ሰዎች ይህ ፍንጭ ያመልጣቸዋል፤ አንብቡት።

በእርግጥ መሣሪያው የሌለበት ጊዜም አለ። ቴልኔት ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ላይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ከቅንብሩ ገብቶ ማስከፈት ያስፈልጋል። የማሽኑን መረጃ የሚያወጣው ደብልዩሚክ በቅርቦቹ የዊንዶውስ 11 ዕትሞች ላይ እየቀረ ነው፤ የቆየ መጽሐፍ ይዞ የሚማር ሰው በከንቱ ይደክማል። ጃቫ ለሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ የታወቀው ጃቫሲ ነው፤ “ጃቫ” ሲሉ ይሠራል፣ “ጃቫሲ” ሲሉ አልታወቀም። ማሽኑ ላይ ያለው ጃቫን ማስኬጃው ብቻ ሲሆን፣ ኮድ የሚተረጉመው ጃቫሲ የሚገኘው ጄዲኬ በሚባለው የገንቢዎች ጥቅል ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ማውረድ ተገቢ ነው፤ የትኛውን እንደሚያወርዱ አውቆ።

የአጻጻፍ ስህተትም አለ፣ ግን ስለ ፊደል ግድፈት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የሚለጠፍ ትዕዛዝ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ወርድ ውስጥ ያለፈ ትዕዛዝ ቀጥ ያሉት የጥቅስ ምልክቶቹ ይጣመማሉ፤ ሁለት አጭር ሰረዞቹ ተጣብቀው አንድ ረጅም ይሆናሉ፤ ለዓይን ያው ናቸው፣ ለማሽኑ ሌላ ፊደል። በቴሌግራም ኖት የሚቀባበሉ ተማሪዎች አጠራጣሪውን መስመር በራሳቸው እጅ ደግመው ቢጽፉት ይሻላል። መጽሐፍ ላይ ከመስመሩ ፊት የሚታየው የዶላር ምልክትም የትዕዛዙ አካል አይደለም፤ ተርሚናሉ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳይ ነው። አብረው የገለበጡት ሰዎች “ዶላር አልታወቀም” የሚባሉት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን የእኛው ጉዳይ ስለሆነ አልተወውም። የዊንዶውስ አካውንቱን በራሱ ፊደል፣ በአማርኛ የሰየመ ሰው የተጠቃሚ ፎልደሩም በአማርኛ ይሆናል፤ ፓይተን ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ሲጫን ደግሞ የሚቀመጠው እዚያ ፎልደር ሥር ነው። የቆዩ ብዙ መሣሪያዎች የግዕዝ ፊደል ያለበት አድራሻ ሲያጋጥማቸው በጥያቄ ምልክት ይተኩትና ፎልደሩን ያጡታል። ስሙ መካከል ክፍተት ያለበትም እንዲሁ ይቸገራል። ፎልደሩን በኋላ መለወጥ አደገኛ ነው፤ ከመለወጥ ይልቅ በላቲን ፊደል አጭር ስም ያለው ሁለተኛ አካውንት ከፍቶ ለኮድ ሥራ መጠቀም ይቀላል። ፊደላችን በኮምፒውተር መደበኛ የፊደላት ሰሌዳ፣ በዩኒኮድ፣ ከገባ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። መሣሪያዎቹ እስካሁን አለመስተካከላቸው የሠሪዎቹ ጉድለት ነው፤ በስሙ አካውንት የከፈተው ልጅ ምንም አላጠፋም።

ማክ የሚጠቀሙ ሰዎች ያው ችግር በሌላ ልብስ ይመጣባቸዋል። አፕል በ2019 ካታሊና ላይ መደበኛውን ሼል ከባሽ ወደ ዚሽ ቀየረ፤ ለባሽ የተጻፈው ቅንብር በዚሽ ስለማይነበብ ትናንት የነበረው መሣሪያ ዛሬ “አልተገኘም” ይሆናል። በ2020 መጨረሻ የአፕል የራሱ ቺፕ ሲመጣም የመሣሪያ መጫኛው ሆምብሩ መሣሪያ የሚያስቀምጥበት ፎልደር ተለወጠ። ኡቡንቱ ደግ ነው፤ ያላገኘውን ትዕዛዝ የትኛው ጥቅል እንደሚያስገኘው ራሱ ይጠቁማል። እዚያ ላይ ጀማሪን የሚያስቸግረው “ፓይተን” ብቻ ማለቱ ነው፤ “ፓይተን3” ማለት አለበት። በእነዚህ ሼሎች ውስጥ ቁጥሮቹም ይናገራሉ፤ 127 ማለት ፈልጌ አጣሁ፣ 126 ማለት አገኘሁት ግን ለማስኬድ አልተፈቀደልኝም ማለት ነው። 126 ያገኘ ሰው ፓዝ ላይ ጊዜውን አያጥፋ።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ትምህርቱን ወደ ብዙ ቤት አስገብቷል። ትምህርቱ አሳሽ ላይ እስካለ ድረስ ይህ መልእክት አይመጣም። ተማሪው የተማረውን በራሱ ማሽን ላይ ሊሞክር በተቀመጠ ሰዓት ግን ይመጣል፤ ያኔ አስተማሪ የለም፤ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያለውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮድ የሚያስተምሩ ሁሉ፣ የግል ማሠልጠኛዎችም ዩኒቨርሲቲዎችም፣ ከመጀመሪያው የኮድ መስመር በፊት ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡ እላለሁ። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ማንም ዛሬ ማታ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

ሲ ድራይቭ ላይ በላቲን ፊደል “ሙከራ” የሚል ፎልደር ይከፈት። በኖትፓድ “ኢኮ”፣ ክፍተት፣ ከዚያ አንድ ቃል ይጻፍና እዚያ ፎልደር ውስጥ “ሰላም” ተብሎ፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ “ባት” ተደርጎ፣ ዓይነቱም “ሁሉም ፋይሎች” ተብሎ ይቀመጥ፤ ካልሆነ ኖትፓድ ነጥብ “ቲኤክስቲ” ይጨምርበትና ዊንዶውስ ጭራውን ስለሚደብቅ ስህተቱ አይታይም። አሁን አዲስ ጥቁር መስኮት ከፍቶ “ሰላም” ማለት ነው፤ አልታወቀም ይላል። ፎልደሩን የራስ ዝርዝር ውስጥ ጨምሮ እዚያው አሮጌ መስኮት ላይ እንደገና “ሰላም”፤ አሁንም አልታወቀም። አዲስ መስኮት፣ “ሰላም”፤ ይመልሳል። ቀጥሎ በሌላ ፎልደር፣ በተመሳሳይ ስም፣ ሌላ ቃል የሚያወጣ ፋይል ሠርቶ ያንንም ፎልደር ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት፣ በአዲስ መስኮት ዌርን ጠይቆ የትኛው እንደሚቀድም ማየት፣ ከዚያ ቅደም ተከተላቸውን ቀይሮ በአዲስ መስኮት መሞከር። ሲጨርሱ ሁለቱን መስመሮች ከዝርዝሩ ማውጣት እንዳይረሳ።